የአሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች ዜና

ርእሰ ቀያሾች፣ ጸዋሬ ብሩሽ፣ ሠዓሌ ካርታ የተባሉት ወጣት አርኪዮሎጂስት ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ በሰቀሉ በሁለተኛው ዓመት፣ የቢሮው ማተሚያ ቀለም በጨረሰ በሰባተኛው ወር፣ በዕለተ ሐሙስ፣ አንድን አሮጌ የእርሻ ግቢ ያጠኑ ዘንድ ዳግመኛ ዘመቱ፤ ዓምና በዚያው ግቢ ዘምተው አንድ የጠርሙስ ክዳን ብቻ ማርከው ተመልሰዋልና። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፤ በቀኝ የሜትሩን ጫፍ ከያዘ የማይለቀው ረዳት፣ በግራ ውሻ በጮኸ ቁጥር እርሳሱ የሚሰበርበት ንድፍ አንሺ፣ በኋላም ከመኪናው ባይወርድም በልቡ አብሮ የቆፈረው ሾፌር።

የግቢው እመቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚላቸው፣ በዚያች ማለዳ የጎመን ችግኛቸውን በሳጥን አቅርበው፣ ዛሬ ካልተተከለ ነገ አይተርፍምና ዶማ አንሥተው ነበር። ርእሰ ቀያሾችም ተንበርክከው ሣሩን ሲጠርጉ አንድ ጉድጓድ ታያቸው፣ ቀጥሎም ሌላ፣ ቀጥሎም ሌላ፣ እስከ አሥራ ሁለት፤ ሁሉም በአንድ መሥመር፣ ከአንዱ እስከ አንዱ ልክ ሁለት ሜትር። ላብ ከአፍንጫቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ ነገሩ፦

«ይህ የጥንት አጥር ነው። ሠሪዎቹም በሜትር መለካት የሚያውቁ ሕዝብ ነበሩ። ከእንግዲህ በዚህ መሬት ዶማ ያሳረፈ፣ ችግኝም የተከለ፣ በቅርስ አጥፊነት ይጠየቃል።»

ረዳቱ ጫማውን ያይ ጀመር። ንድፍ አንሺው ጉድጓዶቹን በሦስት ቀለም አስጊጦ ሣለ። እትዬም ዶማቸውን አስቀምጠው፣ የችግኙ ቅጠል በፀሐይ ሲሸበሸብ እያዩ እስከ ቀትር ታገሡ፤ ከዚያ ግን በፈንታቸው ከበራቸው ደፍ ላይ ዐዋጅ ነገሩ፦

«ስማኝማ ልጄ። ያን ጉድጓድ ዓምና አንተው ነህ የቆፈርከው፤ ለችካልህ መምቻ መዶሻ ያዋስኩህም እኔ ነኝ። ስትሄድ ችካሉን ነቅለህ ወሰድክ፣ ጉድጓዱን ለእኔ ተውክልኝ፣ ክረምቱ አሰፋው። ዶሮዬ ስንቴ ገባችበት መሰለህ። አሁን ጎመኔን ልትከል ወይስ እሱም ቅርስ እስኪሆን ልጠብቅ?»

ርእሰ ቀያሾች የዓምናውን ደብተር ገለጡ፤ አሥራ ሁለት ችካል፣ በየሁለት ሜትሩ፣ በገዛ እጅ ጽሕፈታቸው። ጆሯቸው ጋለ። ጭጭ ብለው ደብተሩን ሊዘጉት ቃጣቸው፤ ያን ጽኑ ጦርነት ከራሳቸው ጋር ከተዋጉ በኋላ ግን ሦስተኛው ዐዋጅ ወጣ፦

«የቀደመው ዐዋጅ ተሽሯል። እትዬ ይትከሉ። አጥፊው እኔ ነኝ።»

ዶማውንም ራሳቸው አንሥተው ጉድጓዶቹን ደፈኑ፣ መሬቱን አለሰለሱ፤ ሾፌሩ እንኳ ከመኪናው ወርዶ ውኃ ቀዳ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ከሦስት ችግኝ በቀር ሁሉም ቀና ብሎ ቆመ። በመዝገቡ ላይም «አሥራ ሁለት ጉድጓድ፤ ዕድሜ አንድ ዓመት፤ ሠሪው እኔ» ብለው ጽፈው ፈረሙ።

እነሆ ከተመራማሪዎች ሁሉ የቅርሱን ሠሪ በስሙ፣ በፊርማው፣ በጫማ ቁጥሩ ሳይቀር ያረጋገጠ ከእርሳቸው በቀር ማን አለ? ክብር ለእጃቸው ሥራ ይሁን፤ ጉድጓዱም ለዘለዓለሙ ተደፍኖ ይኑር።