ስጋት የሌለበት እጅ

(አዳማ፣ የአንድ አጥንት ክሊኒክ ኮሪደር። ማናሴና ዱጋሳ የእትዬ ዲንቄን አንድ ባጃጅ የሚነዱ ተቀጣሪ ሹፌሮች ናቸው። መሪ ሲሻሙ ገልብጠውት ሁለቱም የቀኝ እጃቸውን አንጓ ተሰብረዋል። ጄሶው አሁን ተነስቶላቸው ነርሷን ይጠብቃሉ።)

ማናሴ፦ ጠጋ በል አልኩህ! እጄን ትነካብኛለህ!

ዱጋሳ፦ ወዴት ልጠጋ? ግድግዳው ውስጥ ልግባ?

ማናሴ፦ ግባ! ስድስት ሳምንት ሙሉ እንደ እንቁላል የያዝኩት እጅ ነው። እትዬ ዲንቄ «ከእንግዲህ ሁለት ሹፌር አልፈልግም፣ ቁልፉን የምሰጠው እጁ ቀድሞ ለዳነው ነው» ብለዋል። ማን እንደሆነ ደግሞ ይታወቃል።

ዱጋሳ፦ ማን ነው?

ማናሴ፦ (በግራ እጁ ስልኩን እያወጣ) አጥንቱ ገጥሞ እንኳ ሕመሙ አልለቅ የሚለው ሰው አለ። እጁ ያብጣል፣ ያቃጥለዋል፣ ይደርቃል። ማንን እንደሚይዝ አጥንቼዋለሁ። አንደኛ፣ ሴቶችን ያበዛል።

ዱጋሳ፦ እፎይ!

ማናሴ፦ አትቸኩል። ሁለተኛ፣ አጥንቱ የደቀቀ።

ዱጋሳ፦ የእኔ ደቋል እንዴ?

ማናሴ፦ እላይህ ላይ የወደቅኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት አይደቅ?

ዱጋሳ፦ ያ ዋቃ!

ማናሴ፦ ሦስተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ የበረታበት። ያንተ ጩኸት ሞጆ ድረስ ተሰምቷል። አራተኛ፣ የሚፈራ፣ የሚጨነቅ ሰው።

ዱጋሳ፦ እኔ እኮ አልፈራም ነበር። አንተ ማንበብ ስትጀምር ነው የፈራሁት።

ማናሴ፦ ይኸው አመነ! አንተ ሦስት፣ እኔ ዜሮ!

ዱጋሳ፦ (እንባው እየመጣ) ማኔ፣ ባጃጅ ካልነዳሁ ልጆቼን ምን አበላለሁ?

ማናሴ፦ አይዞህ፣ ከኋላ ትቀመጣለህ። በነፃ ነው የምወስድህ።

(ሲስተር በድሪያ ትገባለች።)

ሲስተር በድሪያ፦ እስቲ ሁለታችሁም ጨብጡ።

(ዱጋሳ ዓይኑን ጨፍኖ ይጨብጣል፤ ጣቶቹ ቀስ ብለው ይገጥማሉ። የማናሴ ጣቶች እንደ ሹካ ቆመው ቀሩ።)

ሲስተር በድሪያ፦ ማናሴ፣ ጨብጥ እንጂ!

ማናሴ፦ ጨብጫለሁ እኮ! (እጁን አይቶ) አልጨበጥኩም እንዴ?

ሲስተር በድሪያ፦ ደርቋል! በየሰዓቱ ጣታችሁን አንቀሳቅሱ አላልኳችሁም?

ማናሴ፦ እሱማ ስጋት ላለበት ሰው መስሎኝ… እኔ እኮ ዜሮ ነኝ!

ሲስተር በድሪያ፦ አትደንግጥ፣ ከዛሬ ጀምረህ ካሠራኸው ይፈታል። ጊዜ ግን ይፈጃል። ዱጋሳ፣ አንተ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትነዳለህ። ጎበዝ! እንዴት ሳትረሳ ሠራኸው?

ዱጋሳ፦ እኔማ እረሳለሁ ሲስተር። እሱ ነው በየሰዓቱ እየደወለ «አንተ ደደብ፣ ጣትህን አንቀሳቅስ!» የሚለኝ።

(ማናሴ በግራ እጁ ፊቱን ይሸፍናል።)

ዱጋሳ፦ አይዞህ ማኔ፣ ከኋላ ትቀመጣለህ፣ በነፃ ነው የምወስድህ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በየሰዓቱ የምደውለው እኔ ነኝ። (ትንሽ አስቦ) «አንተ ደደብ» የምትለዋን ግን ልተዋት ወይስ ያዳነችኝ እሷ ነች?