ዕንቁላል የሆነው ኳስ

የካይሮ ጥልፍ ሠሪዎች ሰፈር ሁሉ፣ «ይበቃል» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚቆጥር አንድ ሰው አያጣም። የእኛው ክቡር ባሽሙሃንዲስ ሸውቂ ነው። የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ «ዋና መሐንዲስ» የሚለውን ማዕረግ እኛ ሰጠነው፣ እሱም አልመለሰልንም።

ደንበኛ በኮምፒውተር የተሳለ አርማ ያመጣለታል። የጥልፍ ማሽን ግን ስዕል አያነብም፤ መርፌዋ የት እንደምትወርድ፣ ወዴት እንደምትዞር፣ ክሩ የት እንደሚቆረጥ የሚነግር ሌላ ዓይነት ፋይል ይፈልጋል። ሸውቂ የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው ይለውጣል። ይህን በቅጽበት የሚሠራ ቁልፍ ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ሸውቂ ቁልፉን የሚያየው፣ ልጁን ሲጋራ ሲያጨስ እንደያዘ አባት ነው።

«መርፌ እንዲህ አይነገራትም» ይላል።

ለአንዲት ሙሽራ ትራስ ጽጌረዳ ሲያሰናዳ፣ ቅጠሉ ወዴት ያዘንብል እያለ ሰርጉ አለፈ፤ ትራሱ የደረሰው ለአራስ ጥየቃ ነው። አንድ የምግብ ቤት ባለቤትም ሽርጦቹን ሊወስድ መጥቶ፣ ከተጠለፈባቸው ዓሣ ቅርፊት አንዱ ጎድሏል ተብሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። «ሰው ዓሣ ሊበላ እንጂ ቅርፊት ሊቆጥር አይመጣም!» ቢለው፣ «እኔ እቆጥራለሁ» አለው።

ባለፈው ረመዳን የሰፈራችን ልጆች ለእግር ኳስ ውድድር ተመዘገቡ። አርማ የሌለው ማሊያ ሜዳ አይገባም። ጨዋታው ካፈጠርን በኋላ ነው፤ አርማውን የማሠራቱ ኃላፊነት ደግሞ እኔ ላይ ወድቋል። በጨዋታው ዕለት ከሰዓት በኋላ ማሊያዎቹንና ፋይሉን ይዤ ሄድኩ፦ ኳስ የጨበጠ ጭልፊት።

«ማነው የሳለው?»

«የእህቴ ልጅ።»

«አላህ ይማረው።»

«ኧረ በሕይወት አለ!»

«ለአሳሳሉ ነው ያልኩት።»

ከዚያ ኳሱን ወደ ጎን ይለጥጠው ጀመር።

«አንተ ሰው፣ ኳሱን ዕንቁላል አደረግኸው!»

«ክር ጨርቁን ይጎትታል። ኮምፒውተሩ ላይ ክብ ካደረግኩት ማሊያው ላይ ዕንቁላል ይሆናል። እዚህ ዕንቁላል ካደረግኩት ግን…»

«ጫጩት ይሆናል!»

በቁራጭ ጨርቅ ሞከረው። ለእኔ ክብ ነበር። «አያልፍም» አለና እንደገና ለጠጠው። አዛን ሲል አንዲት ቴምር አፉ ውስጥ ጣለ፤ ዓይኑን ግን ከመርፌዋ አልነቀለም። አምበላችን አቡድ ደወለ፦

«አጎቴ፣ ዳኛው መጥቷል! በእስክሪብቶም ቢሆን ሳሉልን!»

«ቁልፉን ተጫን ባሽሙሃንዲስ፣ በነቢዩ ይዤሃለሁ!» አልኩት።

ተነስቶ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋው። «አንተ ተጫን። ማሊያው ልጆቹ ደረት ላይ ሲጨማደድ ግን ስሜን እንዳታነሳ።»

ጣቴን ዘረጋሁ፣ ሰበሰብኩት፣ ወንበሩንም መለስኩለት።

ማሊያዎቹን ይዘን ሜዳ ስንደርስ ልጆቹ ደረታቸው ራቁቱን ቆመው፣ አቡድ ዳኛውን በወሬ ይዞት ነበር። ገቡ። አምስት ለባዶ ተሸነፍን። ሸውቂ ከአምስቱ ጎሎች አንዱንም አላየም፤ የሚያየው ደረት ብቻ ነበር። «ቁጥር ሰባት! ላብህን በሌላ ጥረግ!»

ሲያበቃ የአሸናፊዎቹ አምበል መጥቶ የአቡድን አርማ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ኳሱ ክብ ነበር፤ ልጁ ሮጦም፣ ወድቆም ክብ ነበር።

«የእኛን እዩት፣ እንደ ደረቀ በለስ ተኮማትሯል። ይህን ማን ሠራላችሁ? ለሚቀጥለው ግጥሚያ እንወስድለታለን።»

ሸውቂ አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት።

«ቱርክ አገር ያሠራነው ነው» አልኩ። «ለመድረስ ወር ይፈጃል።»

ግጥሚያውን ይውሰዱ፤ ሸውቂን አልሰጥም።