ለሽንኩርት ከታፊ የተጻፈ ውዳሴ

አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ለጠየቀኝ ሰው ግን ሠላሳ ሰባት። በዚያ ዕድሜዬ አንድ ነገር ገባኝ... የሰውን እንጀራ የሚዘጋው ጠላት ሳይሆን አድናቂ ዘመድ ነው! ጠላት ቢበዛ ያማችኋል እንጂ ደብዳቤ አይጽፍላችሁም።

የእህቴ ልጅ ምሕረት ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለችው ትንሽዬ ምግብ ቤቴ ሁለት ዓመት ሠርታለች። እጇ ይባረክ፤ ጎመን ክትፎዋን የቀመሰ ሰው ሣህኑን ለመላስ ግራና ቀኝ ያያል። አትላስ ሰፈር ያለ አንድ ሆቴል የወጥ ቤት ሠራተኛ ሲፈልግ ተመዘገበች። የሆቴል ወጥ ቤት ከልጅነቷ የምትመኘው ነው። ሼፏ ስፔናዊት፣ «ካሠራሽ ሰው ደብዳቤ አምጪ» አለቻት።

ያሠራቻት ማን ናት? እኔ! ስፓኒሽስ የሚችል? አሁንም እኔ! ከተከታታይ ድራማ ነው የተማርኩት፤ አትሳቁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያለቀስኩበት ቋንቋ እንዴት አይገባኝም?

እንግዲህ «እጅግ ጎበዝ» በስፓኒሽ ምን ይባል? መዝገበ ቃላቴን ገልጬ ስቀመጥ ቤተሰቡ ከበበኝ።

«ታለንቶሳ ልበላት፤ ባለተሰጥኦ ማለት ነው።»

«ባለተሰጥኦማ የጎረቤቱ ልጅ ሁሉ ነው!» አለች እህቴ። «ከፍ አድርጊው እንጂ፣ ምን ያስቆጥብሻል?»

«ፕሮዲሂዮ? ተአምር ማለት ነው።»

«ተአምር የጌታ ነው» አሉ ባሏ ጋሽ ኤርሚያስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። ክርክሩ አለቀ።

«እሺ፣ ሄኒዮ። ሊቅ።»

«ሊቅ ደህና ነው... ብቻውን ግን አይሳሳም?» አለች እህቴ።

«ማኪናም ይላሉ፤ እንደ ማሽን የማትደክም...»

«ልጄን መኪና?!» እህቴ ደረቷን ያዘች።

ምሕረት ከጥግ፣ «አክስቴ፣ ‹በደንብ ትሠራለች› ብትይ አይበቃም?»

«ዝም በይ! አንቺ ስለ ራስሽ ምን ታውቂያለሽ?» አለቻት እናቷ።

ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባላል። እኔን ግን መዝገበ ቃላት ውስጥ ለቀቁኝ! ታለንቶሳውንም፣ ሄኒዮውንም፣ ተአምሩንም (ጋሽ ኤርሚያስ ሳያዩኝ) ደረደርኩት።

ደብዳቤውን ከምሕረት ጋር ሆቴሉ ድረስ ወሰድነው። ሼፏ አነበበች። ደግማ አነበበች። ምሕረትን ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻትና ወደ እኔ ዞራ በስፓኒሽ፣ «አዝናለሁ እመቤት» አለችኝ። «የምፈልገው ሽንኩርት የሚከትፍልኝ ሰው ነው። ለሊቅ የሚሆን ቦታ የለኝም።»

እያንዳንዷን ቃል ተረዳሁ። ምነው ባልተማርኩ!

«ምን አለች?» ምሕረት በጉጉት።

«...አድንቃሻለች።»

ታክሲ ውስጥ እውነቱን ነገርኳት። ኡራኤል... ሃያ ሁለት... መገናኛ... «ሽንኩርት ኪሎው ስንት ነው?» ብቻ አለችኝ። ያን ሁሉ ቃል ለእሷ ስሰበስብ ከርሜ!

በነጋታው ሾላ ገበያ ሄዳ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዛች። ያለ እኔና ያለ ደብዳቤ ወደ አትላስ ተመለሰች። ቢላዋ ተውሳ ሼፏ ፊት ከተፈችው። ሰኞ ሥራ ጀመረች።