ከወንዝ የወጣው ነጭ ድንጋይ

ዓመቱ 2009፣ ወሩ ጥር። ጠዋት ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ። እኔ ወሬ አላበዛም። ልጆቼ “አባባ በዓመት ሦስት ቃል ነው የሚናገረው” እያሉ ያሙኛል። እስቲ ዛሬ የከርሞውን ጨምሬ ላውጣው።

ከጌዶ በላይ ያለው ተራራችን ድንጋዩ ሁሉ ጥቁር ነው። በእኔና በጎረቤቴ በኦቦ ደበላ ድንበር ላይ ግን አንድ ነጭ ድንጋይ ቆሞ ነበር። ሽማግሌ ፊት “ከፍጥረት ጀምሮ እዚሁ ነው” ብዬ ምዬበታለሁ። ደበላም ዝም አለ። ሰው ከማለ ወዲያ ምን ይባላል?

በዚያ ጥር የተራራውን ድንጋይ ካርታ ላይ የሚያሰፍሩ ምሁራን መጡ። አንድ ጣሊያን፣ አንድ ጃፓን፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት የሆነች የጎንደር ልጅ። ጥቁሩን ሁሉ በመዶሻ ኳ ኳ እያደረጉ ወጡና ነጩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ክርክር ሆነ! ምን ነክቷቸው ነው ብዬ ልጅቷን ጠየቅኳት። እንዲህ ያለው ድንጋይ ታች ወንዙ ዳር ብቻ ነው ያለው አለችኝ። ጣሊያኑ መሬት ተሰንጥቃ ገፍታ አወጣችው ይላል። ጃፓኑ የለም፣ ጥቁሩ ድንጋይ ሳይሸፍነው የቀረ የጥንት ጉብታ ጫፍ ነው ይላል። የማንኛቸውም እውነት ቢሆን የሠሩት ካርታ መቀየሩ ነው።

ይሄኔ ደበላ ከጓሮው ብቅ አለ። “ምን ያጨቃጭቃቸዋል? ኦቦ ፈይሳ ምሎበታል እኮ። ከፍጥረት ጀምሮ እዚሁ ነው በያቸው” አላት።

ልጅቷ ደስ ብሏት ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ጎረቤት ማታለል አንድ ነገር ነው። ጣሊያንና ጃፓን ምን በደሉኝ? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው መዶሻ ነው።

“ልጄ፣ ሰርዢው። ያወጡት በሬዎቼ ናቸው” አልኳት። ደበላ ታሞ የተኛ ጊዜ ነው ከወንዙ ጎትቼ መሬቱ ውስጥ የተከልኩት። ከጥቁሮቹ ጋር እንዳይምታታብኝ ብዬ ነጭ መረጥኩ። ብልጠቴን አያችሁልኝ?

እንግዶቹ ሲተረጎምላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ደበላ አልሳቀም።

“ስንት እርምጃ ገፋህ?” አለኝ።

“ስድስት።”

“ሰባት ነው።”

“ታውቅ ነበር? ታዲያ ምነው ዝም አልክ?”

“አንተ እስክትናገር ስጠብቅ። በዓመት ሦስት ቃል ለሚናገር ሰው ደግሞ ብዙ ይጠበቃል።”

ሰባቱን እርምጃ ለቀቅኩ። ልጅቷም “አባባ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡትን እንዳያሳስት ወደ ቦታው ይመለስ” ስላለችኝ፣ በማግስቱ በሬዎቼን ጠምጄ እስከ ወንዙ አወረድኩት። በድንበሩ ላይ አሁን ጥቁር ድንጋይ አለ። ከሌላው ጥቁር አይለይም። የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ደበላ ብቻ ነው፤ በየዓመቱ እሱን ጠይቄ አርሳለሁ።