ሊቀ አቋራጭ እና ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ይቅርታዎች

ኮምፒውተር በገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ የጋራው ቋንቋ የማይበቃው አንድ ሰው አይጠፋም። የፕሮግራም ቋንቋ የተደነገገ ሕግ አለው፤ ሕጉን የጠበቀ ኮድ በማንኛውም ኩባንያ ሶፍትዌር ላይ ይሠራል። ኩባንያዎች ግን ደንበኛ እንዳይሸሻቸው የራሳቸውን ቃላት ይጨምሩበታል፤ የአሥር መስመር ሥራ በአንድ መስመር የሚጨርሱ፣ ሌላ ኩባንያ ዘንድ ግን ሰሚ የሌላቸው ቃላት። ያ ሰው እነዚህን ሲለቅም ይኖራል።

በሆስፒታላችን የመረጃ ክፍል ይህን ማዕረግ የያዙት፣ አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ባልደረባዬ ናቸው። ሊቀ አቋራጭ ብዬ የሾምኋቸው እኔው ነኝ። ሶፍትዌሩን የሸጠልን ኩባንያ አዲስ መመሪያ ሲልክ፣ ኑዛዜ እንደሚያነብ ወራሽ “ለእኔ ምን ደረሰኝ?” እያሉ ይገልጡታል።

“ጋሼ፣ አቋራጭ እያለልዎት ለምን ይደክማሉ?” ይሉኛል በየቀኑ።

“ነገ ኩባንያ ብንቀይርስ?”

“ነገ ይዘንባል ብዬ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ጥላ ልዘርጋ?”

ባለቤታቸው የረሱትን መነጽር ሊያቀብሏቸው በመጡ ጊዜ፣ ቤትም እንዲሁ እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። “የልብስ ማጠቢያችን አሥራ ስድስት ቁልፍ አለው” አሉኝ። “እኔ በአንዱ አጥባለሁ። እሱ ሁሉንም ካልነካካ ልብሱ የጸዳ አይመስለውም።”

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያጓጓኝ ነበር። ከሕግ የወጣ ቃል በጻፉ ቁጥር ጥቂት ቆም ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አንድ ነገር ያክሉበታል።

“ምን ጨመሩበት?” አልኋቸው አንድ ቀን።

“ሥነ ምግባር።”

የፈራሁት አልቀረም፤ ኩባንያው ለሶፍትዌራችን የሚሰጠውን አገልግሎት እንደሚያቆም አስታወቀ። የላቦራቶሪ ውጤት ፕሮግራማችን በስድስት ሳምንት ወደ ሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር መሻገር ነበረበት። ዳይሬክተሯ አስጠርተውኝ፣ “ባልደረባዎ ስንት ቦታ ከሕግ እንደወጡ መርምረው በጽሑፍ ያቅርቡልኝ። ሥራው በእሳቸው ምክንያት ከተሰናከለ ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራሉ” አሉኝ። እርሳሴን በደስታ እንደቀረጽሁ አልክድም።

“ስንት ቦታ ነው?” ብዬ አፋጠጥኋቸው።

“ኮዱ ውስጥ ‘ይቅርታ’ የሚለውን ቃል ይፈልጉ፣ ጋሼ።”

ፈለግሁ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ይቅርታ ተሰልፎ ቆመ። ኮምፒውተሩ የሚያልፈው፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ ነው፦ “ይቅርታ፤ ይህ የኩባንያው ቃል ነው። በጋራው ሕግ እንዲህ ይጻፋል።” ከሥሩ ሕጋዊው ኮድ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሁሉንም በዘጠኝ ቀን ተክተን ጨረስን።

በዐሥረኛው ቀን በሙከራ ላይ ፕሮግራሙ ቆመ። ያቆመው ውጤቶችን በቀን የሚደረድረው ክፍል ነው። እሱን የጻፍሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ የጋራው ሕግ ናቸው ብዬ የማልሁባቸው ቃላት፣ የኩባንያው ጭማሪ ሆነው ተገኙ። የት የት እንዳሉ የሚጠቁም አንዲት ምልክት እንኳ አልተውሁም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ባልደረባዬ ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮዴን መስመር በመስመር አብረን አነበብን። ሰባት ቦታ አገኘን። ሰባተኛው ላይ ብቻ አላስቻላቸውም፦

“ጋሼ፣ ይቺም የሕጉ ናት?”

ለዳይሬክተሯ ያቀረብሁት ጽሑፍ አጭር ነበር፦ “እሳቸው እያወቁ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ፤ እኔ ሳላውቅ ሰባት ጊዜ። የሚዛወር ካለ እኔ ነኝ።” ዳይሬክተሯ አንብበው ፈገግ አሉ፤ ማንም አልተዛወረም።

ባለፈው ሳምንት በአዲሱ ኩባንያ መመሪያ ውስጥ ስምንት መስመር የምታስቀር አንዲት ቃል አገኘሁ። ግራ ቀኝ አይቼ ተጠቀምሁባት። ከዚያም ቆም ብዬ አንድ ነገር አከልሁ።

“ምን ጨመሩበት፣ ጋሼ?” አሉኝ ከፊት ለፊት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

“ሥነ ምግባር” አልኋቸው።