ክቡር አዋቂ ተራራ ሲወጡ

ባሕር ማዶ ተሰባስቦ የሚማር ተማሪ ሁሉ፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚል አንድ አዋቂ አያጣም። ሻንጣ ይጠፋል፤ እሱ ግን አይጠፋም። ለእኛ የሥዕል ክፍል ደግሞ የደረሰው የባሰው ነበር። ማዕረጉን አልነፈግነውም፤ «ክቡር አዋቂ» ብለን አንቱ አልናቸው። ቀልዱ አልገባቸውም፤ እንዲያውም ተመቻቸው።

ተራራ ወጥተን እንድንሥል በታዘዝንበት ቀን፣ መምህራችን አውቶቡስ ውስጥ ለእያንዳንዳችን ከጀርባው ማኅተም ያለበት አንድ አንድ ወረቀት አደለን። ቤት የተሠራ ሥዕል እንዳናመጣ መሆኑ ነው። «አሥር ሰዓት ላይ እሰበስባለሁ። ሥዕል የሌለው ወድቋል» አለ። እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ፤ ሦስተኛው ወደ አገር ቤት መመለሻ ነው። እናቴ ደግሞ «ልጄ ሠዓሊ ሊሆን ነው» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

የውሃ ቀለም ውሃ እንደሚፈልግ ሕፃንም ያውቃል። ክቡርነታቸው ግን ጠርሙሶቻችንን ሲያዩ ሳቁብን። «ምን አሸከማችሁ? አናቱ ላይ ምንጭ አለ። ለእኔ ተዉት!» እኛም ሞኞቹ ውሃውን አውቶቡስ ውስጥ ትተን ወጣን። እግረ መንገዳቸውን ስለ ጫማ አስተሳሰር፣ ስለ አተነፋፈስና ስለ ደመና ዓይነት አስተማሩን። ሁለት ጊዜ መንገድ አሳቱን፤ ሁለቱንም ጊዜ «አቋራጭ ነው» አሉ። አናቱ ላይ ስንደርስ ምንጭ የተባለው ደረቅ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። «ዘንድሮ ደርቋል ማለት ነው» አሉ፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው አንገታቸውን ሰበር አድርገው።

የተገኘው ፈሳሽ የመምህሩ የፔርሙዝ ሻይ ብቻ ነበር። በሻይ ሣልን። የሁላችንም ሰማይ ቡናማ ሆነ።

እሳቸው መች ይሥላሉ! እየዞሩ ያርማሉ። የአንዷን ዛፍ አሳጠሩ፣ የአንዱን ገደል አስፋፉ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «ጥላው አልተመጠነም፤ ለእኔ ተወው!» ብለው ብሩሼን ቀሙኝ። ሻይ የጠገበው ብሩሽ ወረቀቱ መሀል ተንጠባጠበና የሦስት ሰዓት ልፋቴ ጭቃ ሆኖ ቀረ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። «አጠፋኸኝ እኮ!» ብዬ ጮኽኩ፤ አንቱታው ያኔ ከየት ይምጣ። «በቃ፣ አገሬ መመለሴ ነው!»

ክቡር አዋቂ ቦርሳቸውን ከፍተው ንጹሕ ወረቀታቸውን ሰጡኝና የተበላሸውን ከእጄ ወሰዱ።

«አንተስ?»

«ሣል ባክህ፣ ሰዓት አትግደል።»

ነፋሱ እንዳይገለብጥብኝ ሰሌዳዬን በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ሰዓት ሙሉ ተንበረከኩ። ቃል አልተነፈሱም። ማረም ምን ያህል እንዳማራቸው ግን ከከንፈራቸው ያስታውቅ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ መምህሩ ያን ጭቃ ተቀብሏቸው «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ጉም ነው» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ጉም ለሁሉ ሰው አይሳካም።»

ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ዜሮ ጻፈላቸው፤ የእኔን አገላብጦ አየና «አልፈሃል» አለኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን ረገጡኝ። ዝም አልኩ። ዛሬም አፍርበታለሁ።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ እንዳይቀመጡ ሁልጊዜ ወንበሩን በቦርሳዬ እይዝባቸው ነበር፤ የዚያን ቀን አነሳሁላቸው። ተቀመጡና አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ያ ሰው ዝም ሲል ማየት ለካ ሆድ ያባባል። አላስቻለኝም።

«ለመሆኑ» አልኳቸው፣ ሦስት ዓመት ሥዕል የተማረ ሰው ሊጠይቀው የማይገባውን ጥያቄ፤ «ሰማያዊና ቢጫ ሲቀላቀሉ ምን ይሆናሉ?»

ቀና አሉ። «እሱማ ሰፊ ነገር ነው» ብለው ጀመሩ። ከተማ እስክንገባ አላቋረጥኳቸውም።