የጣሊያን ግንብና የጀይሉ ጎርፍ

መኳንንት፦ አትንካው ብያለሁ! አውርድ ያንን ዶማ!

ጀይሉ፦ ጋሼ መኳንንት፣ ለውሃ መውጫ አንዲት ቀዳዳ ብቻ! አምና ጎርፉ ቤቴ ገብቶ ልጆቼ ጠረጴዛ ላይ አደሩ እኮ። ይኸው ሰኔ ገባ!

(ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰፈሩ ቀራንዮ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ግቢያቸውን በሚለየው አሮጌ ግንብ ሥር ቆመዋል። ጋሼ መኳንንት ከቀራንዮ ወጥተው አያውቁም፤ ሬዲዮናቸው ግን ያላደረሳቸው አገር የለም። ያላወቁት ነገር ካለ እስካሁን ስላልጠየቋቸው ነው!)

መኳንንት፦ ይሄ ግንብ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው። ቅርስ ነው፣ ቅርስ!

ጀይሉ፦ ወላሂ ቅርስማ ቢኖረኝ ጣሪያዬን አዲስ ቆርቆሮ አለብሰው ነበር።

መኳንንት፦ አይ ያንተ ነገር! ጥሪት መቼ ወጣኝ? የጥንት ሥራ ማለቴ ነው። እንግሊዝ አገር ብትሆን የአሮጌ ቤት መስኮት ለመቀየር እንኳ ማስፈቀድ አለብህ።

ጀይሉ፦ እንግሊዝም ቀበሌ አለ እንዴ?

መኳንንት፦ (ግራ ቀኝ እያዩ) ቀስ በል እንጂ አንተ ሰው! እሺ፣ ጣሊያንን ውሰድ። ሮማ ላይ ከጥንቱ ፍርስራሽ አንዲት ድንጋይ ብታነሳ ዘብጥያ ነው የምትወርደው!

ጀይሉ፦ ታዲያ የአክሱምን ሐውልት ሲያነሱ ማን ዘብጥያ ወረደ?

መኳንንት፦ እሱ... እሱ ሌላ ነው! ግብጾችን እይ። ግድብ ሲገድቡ፣ ውሃው እንዳይውጠው ብለው ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ቆራርጠው ከፍታ ላይ አወጡት።

ጀይሉ፦ በውሃ ምክንያት? የኔም ምክንያት ውሃ ነው! (ዶማውን ያነሳል)

መኳንንት፦ አውርድ! ጃፓኖች እንኳ የጥንት የጸሎት ቤታቸውን በየዘመኑ አፍርሰው... (ምላሳቸውን ነከሱ)

ጀይሉ፦ አፍርሰው? ጃፓን ትኑር!

መኳንንት፦ አፍርሰው እንደነበረ ይሠሩታል! ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ይሄ ሁሉ ቅርስ ጥበቃ ይባላል።

ጀይሉ፦ ጥበቃ? እኔ ትናንት ሮንድ ወጥቻለሁ፤ ዛሬ ተረኛ አይደለሁም።

መኳንንት፦ (ትዕግሥታቸው አልቆ፣ በጩኸት) የሮንዱን አላልኩህም! ጥበቃ! ጥበቃ!

(የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ፈቀደ ጠመንጃውን አንግቶ እየሮጠ ይገባል።)

ፈቀደ፦ ማነው ጥበቃ እያለ የሚጣራው? ሌባው የታለ?

(ጋሼ መኳንንት ፈጥነው እጅ ነሱ። ምን ይደረግ፣ በዚህ ዘመን ስማቸው ብቻውን እንቅልፍ ይነሳል።)

መኳንንት፦ ሌባ እንኳ... ጓድ ፈቀደ፣ ይሄ ሰው የሰፊውን ሕዝብ ቅርስ ሊያፈርስ ነው!

ፈቀደ፦ የሰፊውን ሕዝብ? ሕጉ ምን ይላል፣ ጓድ... መኳንንት? (ሁለቱ ቃላት አፉ ውስጥ አልስማማ አሉት)

መኳንንት፦ የየትም አገር ሕግ ያው ነው። ቅርስ እንደተሠራ ይቆያል!

ጀይሉ፦ (ራሱን እያከከ) እኔ አልገባኝም። በኋላ ሰው የለጠፈበት ነገር ካለስ?

መኳንንት፦ ይነሳል!

ጀይሉ፦ የተደፈነስ?

መኳንንት፦ ይከፈታል! ያለ ምሕረት!

ፈቀደ፦ በቃ፣ ውሳኔው ይኸው ነው።

ጀይሉ፦ እንግዲያው ጓድ ፈቀደ፣ እስቲ በጋሼ በኩል ዙርና እይልኝ። ጣሊያኑ ግንቡን ሲሠራ የውሃ መውረጃ ትቶለት ነበር። ጋሼ ወጥ ቤታቸውን ለጥፈው ደፈኑት። ክፈቱልኝ ብዬ ዓመት ሙሉ ለመንኩ፤ ማን ይስማኝ? ለካ ቀዳዳውም ቅርስ ኖሯል!

(ፈቀደ ዞሮ አይቶ ይመለሳል።)

ፈቀደ፦ እውነቱን ነው። ወጥ ቤቱ ነገ ይነሳ!

መኳንንት፦ ኧረ ጓድ! ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ቅርስ? ተራ ግንብ! የድንጋይ ክምር!

ጀይሉ፦ (ዶማውን በሁለት እጁ፣ በአክብሮት እያቀበላቸው) ተራ ግንብማ ከሆነ እርስዎ ይጀምሩልኝ፣ ጋሼ። የትልቅ ሰው እጅ ይባርከዋል።